97 ከመቶ ላይ ቀጥ ለሚል ዳውንሎድ፦ ፍሪ ዳውንሎድ ማናጀርን ስምንት ወር ተጠቅሜበት

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። የታናሽ ወንድሜ አሮጌ ላፕቶፕ ዊንዶውሱ ከብዶት መነሳት አቅቶታል፣ እኔም በዊንዶውስ ምትክ ኡቡንቱ የሚባለውን ነፃ ሲስተም ልጫንለት ብዬ ፋይሉን እያወረድኩ ነበር። ወደ 6 ጊጋ ይጠጋል። በቀን ጥቅል የሚሞከር ስላልሆነ የሌሊት ገዝቼ ቁጭ አልኩ። 97 ከመቶ ደረሰ። መብራት ድርግም ብሎ ተመለሰ። ላፕቶፑ ባትሪ ስላለው አልጠፋም፣ ራውተሩ ግን እስኪነሳ ሁለት ሦስት ደቂቃ ፈጀ። ዞር ብዬ ሳይ ብራውዘሩ ላይ «አልተሳካም፣ የኔትወርክ ስህተት» ይላል። «ቀጥል» የሚለውን ነካሁት። ቁጥሩ ዜሮ ላይ ወርዶ ከመጀመሪያው ጀመረ። ጥቅሉ ግን የበላውን በልቷል።

በነጋታው ፍሪ ዳውንሎድ ማናጀር የሚባለውን፣ በብራውዘሩ ፋንታ ፋይል የሚያወርድ ፕሮግራም ጫንኩ። ነፃ ነው፣ በዊንዶውስ፣ በማክ፣ በሊኑክስና በአንድሮይድ ይሠራል። ብዙ ሰው እንዲህ ዓይነት ፕሮግራም የሚፈልገው ለፍጥነት ነው፣ ፋይሉን ቆራርጦ በአንድ ጊዜ ከብዙ ቦታ ስለሚስበው። እውነት ነው ይፈጥናል። እኔ ግን ለፍጥነቱ አልጫንኩትም። የኛ ኔት ፈጠነም ዘገየም መቋረጡ አይቀርም፣ በሜጋባይት ለሚከፍል ሰው ደግሞ ትልቁ ነገር የወረደው ሳይጠፋ ከቆመበት መቀጠሉ ነው። በዚህ በኩል በስምንት ወር ውስጥ ካወረድኳቸው ትልልቅ ፋይሎች አብዛኞቹን አድኖልኛል። ኔት ሲመለስ ራሱ እንዲሞክርም ማድረግ ይቻላል፣ ስለዚህ አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ መጠበቅ የለባችሁም።

ሁሉንም ግን አያድንም፣ ለምን እንደማያድን ማወቁ ብዙ ብር ያተርፋል። ፋይል ተቋርጦ ሲቀጥል ፕሮግራማችሁ ለሰርቨሩ፣ ማለትም ፋይሉ ለተቀመጠበት ኮምፒውተር፣ «እስከዚህ ድረስ ያለው አለኝ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ብቻ ላክልኝ» ይለዋል። ሰርቨሩ ይህን የሚያውቅ ከሆነ 206 የሚል መልስ ሰጥቶ ቀሪውን ብቻ ይልካል። የማያውቅ ከሆነ 200 ይልና ፋይሉን ከሀ ይጀምርላችኋል። እንዲህ ያለ ሰርቨር ሲያጋጥም የትኛውም ዳውንሎድ ማናጀር ምንም ማድረግ አይችልም። ክሮምና ፋየርፎክስም ይህንኑ ጥያቄ ይጠይቃሉ፣ ስለዚህ ብራውዘር ጭራሽ መቀጠል አይችልም ማለቴ አይደለም።

እና አሁን ትልቅ ፋይል ስጀምር ሁሌ የማደርጋት አንድ ነገር አለች። 20 ወይም 30 ሜጋ ሲወርድ አቆመዋለሁ። ግማሽ ደቂቃ ጠብቄ አስቀጥለዋለሁ። ከ30 ሜጋ ከቀጠለ እተኛለሁ። ከዜሮ ከጀመረ ሌላ ሚረር (ያው ፋይል የተቀመጠበት ሌላ ሰርቨር) እፈልጋለሁ ወይም ቶሬንት (ፋይሉን ከሌሎች ተጠቃሚዎች ኮምፒውተር ቁራጭ በቁራጭ የሚያመጣ ዘዴ) ካለው በቶሬንት አወርዳለሁ፣ ፍሪ ዳውንሎድ ማናጀር ቶሬንትም ስለሚያወርድ ሌላ ፕሮግራም አያስፈልግም። ይህቺን ሙከራ ሳታደርጉ እባካችሁ ሌሊት ሙሉ ትታችሁ አትተኙ።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ሥራ ቦታ አየሁ። አንድ ባልደረባዬ ትልቅ የቪዲዮ ፋይል በቀጥታ 16 ጊጋ ፍላሹ ላይ እያወረደ 4 ጊጋ ላይ ቀጥ ይልበታል። ሦስት ጊዜ ሞከረ፣ ሦስቴም እዚያው ቦታ። «ፍላሹ ተበላሽቷል መሰለኝ» አለኝ። ፍላሹ በቂ ባዶ ቦታ አለው፣ ጤነኛም ነው። ቀኝ ክሊክ አድርገን «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ ስናይ ፋይል ሲስተሙ (ፍላሹ ፋይል የሚያስቀምጥበት አደረጃጀት) ፋት32 ይላል። ፋት32 ደግሞ አንድ ፋይል 4 ጊጋ ከሞላ አይቀበልም፣ ፍላሹ 16 ይሁን 128 ለውጥ የለውም። የነበረበትን ወደ ኮምፒውተር ገልብጠን ኤክስፋት በሚባለው ሌላ ፋይል ሲስተም ፎርማት አደረግነው፣ በአንድ ሙከራ ወረደ። ዳውንሎዳችሁ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚቆም ከሆነ ኔቱን ከመርገም በፊት የሚቀመጥበትን ቦታ እዩ። ሲ ድራይቭ ሞልቶ ሊሆንም ይችላል።

ፕሮግራሙ ላይ መጀመሪያ ያስቸገረኝ በአካውንት ገብተን የምናወርዳቸው ፋይሎች ናቸው። ሊንኩን ኮፒ አድርጌ ስሰጠው በሁለት ሰከንድ «አልቋል» ይለኛል። ፋይሉን ሳየው ጥቂት ኪሎባይት ነው፣ ስከፍተው የይለፍ ቃል መጠየቂያው ገጽ። ለካ ብራውዘሩ ውስጥ ገብቼ እንደሆነ ፕሮግራሙ አያውቅም። የብራውዘር ኤክስቴንሽኑን (ብራውዘሩ ላይ የሚጨመረውን ትንሽ ፕሮግራም) ስጭንለት ተስተካከለ፣ ምክንያቱም ኤክስቴንሽኑ የብራውዘሩን ኩኪ፣ ማለትም በአካውንት መግባታችንን የሚያሳየውን መረጃ፣ አብሮ ያቀብለዋል። ስለዚህ ፕሮግራሙን ብቻ ጭናችሁ አታቁሙ።

ጊዜው የሚያልፍበት ሊንክም አለ። አንዳንድ ድረ ገጾች የሚሰጡት ሊንክ የሚሠራው ለጥቂት ሰዓት ነው። ማታ ጀምራችሁ ጠዋት ለመቀጠል ስትሞክሩ «ተከልክሏል» ይላል። እዚህ ላይ ሰው ተናዶ በግማሽ የወረደውን ይሰርዛል። አትሰርዙ! ወደ ገጹ ተመልሳችሁ አዲስ ሊንክ አውጡ፣ ከዚያ በፍሪ ዳውንሎድ ማናጀር ውስጥ የድሮውን ሊንክ በአዲሱ ቀይሩለት፣ ፋይሉ ካልተለወጠ ከቆመበት ይቀጥላል። ለኔ ከሁሉም ባህሪዎቹ ይሄ ይበልጥብኛል። በብራውዘር ብቻ የምታወርዱ ከሆነም በክሮም «ሲአርዳውንሎድ»፣ በፋየርፎክስ «ፓርት» የሚል ቅጥያ ያለውን ፋይል ዳውንሎዱ እስኪያልቅ አትንኩት፣ ስሙንም አትቀይሩ። ያወረዳችሁት ነገር ያለው እሱ ውስጥ ነው።

ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ቪዲዮ ኮል እያደረገ ከሆነ ታች በኩል የቀንድ አውጣ ምልክት አለች፣ እሷን ስትነኩ ዳውንሎዱ ይዘገይና ለሌላው ቦታ ይለቃል። እናቴ አረብ አገር ካለች እህቴ ጋር ስታወራ ሁሌ የምጠቀማት ናት።

አሁን ጥንቃቄ። የኮምፒውተር ደህንነት ድርጅቱ ካስፐርስኪ በ2023 እንዳወጣው፣ የዚህ ፕሮግራም ድረ ገጽ ከ2020 እስከ 2022 ባለው ጊዜ አንዳንድ የሊኑክስ ተጠቃሚዎችን ቫይረስ ወዳለበት ፋይል ሲመራ ነበር። አዘጋጆቹም ድረ ገጻቸው ተጠቅቶ እንደነበር አምነዋል። በዚያ ጊዜ ሊኑክስ ላይ የጫናችሁ ካላችሁ ኮምፒውተራችሁን አስፈትሹ። ድሮ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነበር፣ አዲሶቹ ቨርዥኖች ግን ዝግ ናቸው፣ ይህም ቅር ይለኛል። ቢሆንም ክራክ የተደረገ (ሳይከፈልበት እንዲሠራ የተሰበረ) ኢንተርኔት ዳውንሎድ ማናጀር የሚባለውን ሌላ ፕሮግራም ከሰው ፍላሽ ላይ ከመጫን በእጅጉ ይሻላል። ያኛው ጎበዝ ፕሮግራም ነው፣ ግን የሚከፈልበት ነው፣ ለ30 ቀን ብቻ በነፃ ይሞከራል፣ የሚሠራውም በዊንዶውስ ብቻ ነው። ክራክ የሚባለውን ስትጭኑ ማን ምን እንደከተተበት አታውቁም፣ የባንክ አፕ በምትከፍቱበት ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ይህን ማድረግ ትልቅ አደጋ ነው።

የወንድሜን ኡቡንቱ በሁለት ሌሊት አወረድኩት። መብራት ሁለት ጊዜ ሄዶ መጣ፣ ፕሮግራሙ ከቆመበት ቀጠለ። ጠዋት ላይ ፋይሉን ከመጫኔ በፊት እዚያው ፕሮግራሙ ውስጥ የሻ256 ቁጥሩን (ፋይሉ ሳይበላሽ መውረዱን የሚያሳይ እንደ አሻራ ያለ ቁጥር) አስወጣሁና የኡቡንቱ ገጽ ላይ ካለው ጋር አስተያየሁት። ረጅም ቁጥር ነው፣ ከፊደል ጋር የተቀላቀለ፣ ወንድሜ አንዱን እያነበበልኝ እኔ ሌላውን እያየሁ እስከ መጨረሻው ሄድን። አንድ ሆነ። ከዚያ በኋላ ነው ፍላሹን የሰካነው።