ልጄ ክርኗ ወልቆ የሄድንበት ድንገተኛ ክፍል፣ ዶክተሯ ከ5 5፣ ካሸሩ ጋ ያለው ግን ከ5 1
ቅዳሜ ለት ሚኒባስ ልንሳፈር ስንል ረዳቱ ቶሎ ቶሎ ሲለን የ2 ዓመት ተኩል ልጄን በአንድ እጇ ሳብ አድርጌ አነሳኋት፣ ክርኗ ጋ ቀጭ ሲል ተሰማኝ ከዛ ጩኸቷን ለቀቀችው። ለቅሶውን ከተወች በኋላ እንኳ ግራ እጇን አታንቀሳቅሰውም፣ አጠፍ አድርጋ ሆዷ ላይ ለጥፋዋለች፣ ብስኩት ስሰጣት በቀኟ ብቻ ነው የምትቀበለኝ።

ጎረቤቶቼ ወጌሻ ጋ ውሰጃት አሉኝ፣ ለክፋት አይደለም እኔንም ልጅ እያለሁ ወጌሻ ነው ያሸኝ፣ ግን በቀርከሃ ጥብቅ ተደርጎ ታስሮ ደም አልዘዋወር ብሎ እጃቸው የተቆረጠ ልጆች ስላሉ እሺ አላልኩም፣ ራይድ ጠርቼ እዚሁ አዲስ አበባ አንድ የግል ሆስፒታል ወሰድኳት።

ካርድ አውጪ ክፈይ ተብዬ 40 ደቂቃ ቆምኩ!! ልጅ እያለቀሰች ቢያንስ ማስታገሻ ሽሮፕ ሰጥተው ወረፋው ቢቀጥል ምን ነበረበት?

ዶክተሯ ግን ትባረክ። መጀመሪያ የጠየቀችኝ "ወድቃ ነው ተጎትታ?" ብላ ነው። ከትከሻዋ እስከ ጣቷ በቀስታ ዳሰሰቻት፣ እብጠት የለም፣ ጣቶቿ ይሞቃሉ፣ እንዲህ ከሆነ ራጅ አያስፈልግም አለችኝ። በዚህ እድሜ የክርን አጥንቱን እንደ ቀለበት የሚይዘው ጅማት ገና ጠንካራ ስላልሆነ ሲጎተት ተንሸራቶ መሀል ይሰነቀራል አሉ። በአንድ እጇ የልጄን ክርን ይዛ በሌላው መዳፏን ወደ ታች አዞረችው፣ ጠቅ፣ አለቀ። አንዴ ጮኸች ከዛ ዝም። "ብስኩቱን በግራዋ በኩል አሳዪያትና ጠብቂ" ብላኝ ወጣች፣ 10 ደቂቃ አልሞላም በግራ እጇ ነጠቀችኝ፣ እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

ጀሶ የለ ፋሻ የለ። እስከ 5 ዓመት አካባቢ ሊደገም ስለሚችል በብብቷ ስር ነው የምታነሺያት፣ በእጇ ይዘሽ ማወዛወዝም የለም ብላኛለች። ወድቆ ያበጠ ወይ የተጣመመ ከሆነ ግን ስብራት ሊሆን ስለሚችል እንዳትስቡት እንዳታሹት፣ እንዳለ በነጠላ ደግፋችሁ ሩጡ፣ ማደንዘዣ ሊያስፈልግ ስለሚችል ምግብም አትስጡ። ጣቱ ከገረጣ ወይ ከቀዘቀዘ ደግሞ ደቂቃም አትቆዩ።

ድንገተኛ ክፍል ስትሄዱ ለብቻችሁ አትሂዱ፣ አንድ ሰው ካሸሩ ጋ ወረፋ ይያዝ አንዱ ልጁን ይዞ ይግባ።