«ትን ብሏት ነበር?» ብላ ለጠየቀችን ዶክተር

ዛሬ ጠዋት ልጄ ግቢው ውስጥ ወንድሟን ስታሳድድ ቆሜ ትንፋሿን አዳመጥኩ። ሲር ሲር የሚለው ድምፅ የለም። ይህን ምስጋና ሳላሳድር የምጽፈው ለዚህ ነው።

ከአንድ ወር በፊት ቡና ተፈልቶ ሳለ ከቆሎው መሀል ኦቾሎኒ መርጣ ጎረሰች። ሁለት ዓመቷ ነው። ወንድሟ ሲያስቃት ትን አላት፤ ሳሏ አላስተነፍስ አላት፣ ከንፈሯ ጠቆረ፣ ወዲያው ደግሞ ለቀቃት። ውሃ ጠጥታ ወደ ጨዋታዋ ተመለሰች፤ እኛም ረሳነው።

ከቀናት በኋላ ሳል ጀመራት። ክሊኒክ ወሰድናት፤ መጀመሪያ ብርድ፣ ቀጥሎ የሳንባ ምች ተባለ። ሁለት ጊዜ አንቲባዮቲክ ወሰደች። ይሻላታል፣ ደግሞ ይመለስባታል።

ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ያገኘናት ወጣት የሕፃናት ሐኪም ማዳመጫውን በመዳፏ አሙቃ ግራውን አዳመጠች፣ ቀኙን አዳመጠች፣ እንደገና ወደ ግራው ተመለሰች። ከዚያ ቀና ብላ «እናት፣ ሳሉ ሳይጀምራት በፊት ትን ብሏት ነበር?» አለችኝ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም መናገር እንዳለብኝ አላወቅሁም። የቡናው ቀን ትዝ ሲለኝ ጉልበቴ ከዳኝ።

በትዕግሥት አስረዳችኝ። ኦቾሎኒ ራሱ በራጅ አይታይም። አንዳንዴ የሚታየው ያደረሰው ጉዳት ነው፤ አየር አልፎት ይገባል፣ መውጫ ያጣል፣ ሳንባው ይነፋል። የልጄ ቀኝ ሳንባ ከግራው ገዝፎ ታየ። የቀኙ የአየር ቧንቧ ሰፋና ቀጥ ያለ በመሆኑ ብዙ ጊዜ የሚወርደው ወደዚያ ነው። ራጁ ንጹሕ ቢሆን እንኳ ትን ማለቷን ከሰማች በኋላ ዝም ብላ እንደማትመልሰን ነገረችኝ።

በማግስቱ የአንገት በላይ ሐኪሞች በሰመመን አስተኝተው፣ ብሮንኮስኮፕ የሚባለውን ቀጭን የብረት ቱቦ በአፏ አስገብተው ኦቾሎኒውን አወጡት። የሰመመን ባለሙያውን ሳላመሰግን አላልፍም፤ እነርሱ በሚሠሩበት በዚያው ጠባብ መንገድ ልጄን ሲያስተነፍስ የቆየው እርሱ ነው። በፋሻ ላይ አድርገው አሳዩኝ፤ ግማሽ ፍሬ ኦቾሎኒ፣ ጠቁሮና አብጦ።

ወላጆች፣ ልጃችሁን ትን ብሎት ቢተወው እንኳ የአንገት በላይ ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ውሰዱት፤ ከሁሉ አስቀድማችሁም ይህንኑ ተናገሩ። የማታዩትን ነገር በጣት አትፈልጉ፣ ወደ ውስጥ ይገፋል።

የዶክተሯን ስም ሳላስፈቅድ አልጽፍም። ለክትትል የተቀጠርነው ማክሰኞ ነው፤ ድፎ ዳቦ ጋግሬ እመጣለሁ።