ክሪስቶፍል ወይስ ደብልዩ ኤም ኤፍ? ማንኪያና ሹካ ለሚገዛ ሰው

ዕድሜ ልክ የሚያገለግል ማንኪያና ሹካ ልግዛ ብሎ የተነሳ ሰው ሁለት ስሞች ደጋግመው ይመጡበታል፤ የፓሪሱ ክሪስቶፍልና የጀርመኑ ደብልዩ ኤም ኤፍ። ሁለቱም አሪፍ ናቸው። የትኛው ለማን እንደሚሆን ለማወቅ ግን ከካታሎጉ ይልቅ ታሪካቸው ይጠቅማል። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሻርል ክሪስቶፍል በ1830 ሥራ ሲጀምር ጌጣጌጥ ሠሪ ነበር። ድርጅቱን ያሳደገው የ1842ቱ ውሳኔ ነው። በኤሌክትሪክ ብር የመለበጥን የፈጠራ መብት ለፈረንሳይ ገበያ ገዛ። ከሌላ ብረት የተሠራውን ሹካ ብር ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ይነክሩና ኤሌክትሪክ ይለቁበታል። ብሩ እኩል ሆኖ ይለብሰዋል። መልኩ የብር፣ ዋጋው ግን ከድፍን ብር በጣም ያነሰ።

የፈረንሳዩ ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን ሦስተኛ እንኳ ለመቶ ሰው ግብዣ የሚሆን ትልቅ የገበታ ማስጌጫ ሲያሠራ ሥራውን ለክሪስቶፍል ሰጥቶ በልባጥ አሠራው። በ1871 የቱሌሪ ቤተ መንግሥት ሲቃጠል ከፍርስራሹ ውስጥ ተለቅሞ ወጣ። ዛሬ ፓሪስ በሚገኘው የጌጣጌጥ ጥበባት ሙዚየም ይታያል። ከዚህ የከበደ ምስክር ለልባጥ ሥራ አላውቅም።

ደብልዩ ኤም ኤፍ በሌላ መንገድ ነው የመጣው። መሥራቹ ዳንኤል ሽትራውብ የወፍጮ ባለቤት ነበር። በ1853 ደቡብ ጀርመን ጋይስሊንገን ውስጥ የብረታ ብረት ፋብሪካ ከፈተ። በ1880 ድርጅቱ ኤስሊንገን ከተማ ከነበረው ሪተር ከሚባል ድርጅት ጋር ተዋሐደና የዛሬውን ስሙን ያዘ። እነሱም ብር ለብጠዋል፣ በ1900 ገደማ የሠሯቸውን ባለ አበባ ጌጥ ዕቃዎች ሰብሳቢዎች እስከዛሬ ያሳድዷቸዋል። ወሳኙ እርምጃ ግን በ1927 ነው የመጣው። የማይዝግ ብረታቸውን ክሮማርጋን ብለው አስመዘገቡ። 18 በመቶ ክሮሚየም፣ 10 በመቶ ኒኬል ያለበት ብረት ነው። በ1950ዎቹ ቪልሄልም ቫገንፌልድን የመሰለ ዲዛይነር በዚሁ ብረት ለተራው ሰው ገበታ ቀለል ያሉ ቆንጆ ዕቃዎች ነደፈላቸው።

እንግዲህ ለዕለት ተዕለት ከሆነ የምትገዙት፣ ሳታመነቱ ክሮማርጋን ውሰዱ። ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ይገባል፣ አይጠቁርም፣ መወልወል አይፈልግም። የቢላው ስለት ብቻ ለየት ይላል። ስለት እንዲይዝ ሲባል ከሌላ ብረት ስለሚሠራ እርጥብ ሆኖ ካደረ ነጠብጣብ ሊያወጣ ይችላል። ወዲያው አድርቁት።

ብር ካማራችሁና አዲስ መግዛት ከቻላችሁ ግን ወደ ክሪስቶፍል አደላለሁ። ምክንያቴ ድምቀቱ ብቻ አይደለም። ማርሊ የሚባለው ሞዴላቸው ከ1897፣ ማልሜዞን ከ1967 ጀምሮ አለ። ሹካ ሲጠፋባችሁ ስብስቡ ጎዶሎ ሆኖ እንዳይቀር እንዲህ ዓይነት ዕድሜ ጠገብ ሞዴል መምረጥ ዋጋ አለው። ብር ግን እንክብካቤ ይፈልጋል። እንቁላልና ሽንኩርት ውስጥ ያለው ድኝ ያጠቁረዋል። ሳይጠቀሙበት ለብዙ ጊዜ ማስቀመጥም ያጠቁረዋል፤ አዘውትረው የሚበሉበት ብር ነው ሳይጠቁር የሚቆየው። ክሪስቶፍል የማይዝግ ብረትም ድፍን ብርም ስለሚሸጥ ስሙን ብቻ አይታችሁ እንዳትከፍሉ፣ ከምን እንደተሠራ ጠይቁ።

ያገለገለ ዕቃ ለሚፈልግ ደግሞ የደብልዩ ኤም ኤፍ የድሮ ልባጥ ጥሩ ግዢ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። እጀታው ጀርባ ላይ 90 የሚል ቁጥር ይታያል። ሻጩ «90 በመቶ ብር ነው» ሊላችሁ ይችላል። አይደለም። ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ልባጡ ነው፤ 12 ማንኪያና 12 ሹካ ሲለበጡ 90 ግራም ብር ውሏል ማለት ነው። ሽፋኑ ወደ 36 ማይክሮን (ከሚሊሜትር ሺህ እጅ 36ቱ) ይደርሳል። ለልባጥ ይህ ወፍራም ነው፣ በአግባቡ ከተያዘ አሥርት ዓመታት ይኖራል። ድፍን ብር የሚባለው 800 ወይም 925 የተመታበት ነው፤ ከሺህ እጅ 800ው ወይም 925ቱ ብር ነው ማለት።

ከመክፈላችሁ በፊት ማንኪያውን ገልብጡና ገበታ ላይ የሚያርፈውን ጉብታ በብርሃን እዩ። ቀድሞ የሚያልቀው እዚያ ጋ ነው። ደብልዩ ኤም ኤፍ ራሱ ይህን ስለሚያውቅ በተሻሉት ዕቃዎቹ ላይ በዚያ ቦታ ብሩን ያወፍረው ነበር። ቢጫ ወይም ግራጫ ብረት ብቅ ካለ ልባጡ ተበልቷል። በባለሙያ እንደገና ይለበጣል፣ ግን የማስለበጫው ዋጋ ከግዢው ሊበልጥ ስለሚችል ቀድማችሁ አስሉት።