የተበላሸ ግራፊክስ ካርድና የአምራቹ የዋስትና አገልግሎት

ይህ ግምገማ ስለ አንድ ግራፊክስ ካርድ (ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ምስል የሚያዘጋጀው የኮምፒውተር ክፍል) ቢሆንም፣ የሚመዝነው የካርዱን ፍጥነት ሳይሆን ካርዱ በተበላሸ ጊዜ አምራቹ የሰጠውን የዋስትና አገልግሎት ነው። ስለ ካርዱ ብዙ የሚባል የለም፤ ደህና በነበረበት ጊዜ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ሙቀቱ በልኩ የሆነና ለተገዛበት ሥራ የበቃ ዕቃ ነበር። በካርቶኑ ላይ በጉልህ የታተመው የሦስት ዓመት ዋስትና ግን ዋጋው የሚታወቀው ዕቃው ሲበላሽ ብቻ ነው፤ የፍጥነት ሠንጠረዦች ደግሞ ስለ እሱ ምንም አይናገሩም።

የችግሩ መነሻ ለብዙ ትርጉም የተጋለጠ ነበር። ከባድ ጨዋታ ወይም የቪዲዮ ማቀናበሪያ ሲከፈት ስክሪኑ ለአፍታ ይጠቁርና ይመለሳል፤ በዊንዶውስ የክስተት መዝገብ ውስጥም የማሳያው ድራይቨር (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያገናኘው ሶፍትዌር) ምላሽ መስጠት አቁሞ እንደገና መነሣቱን የሚገልጽ፣ ቁጥሩ 4101 የሆነ መልእክት ይሰፍራል። ብዙ ሰው ይህን መልእክት ሲያይ ጥፋቱን በድራይቨሩ ላይ ይደመድማል። ዊንዶውስ ግን በመደበኛ ቅንብሩ ከካርዱ ምላሽ የሚጠብቀው 2 ሴኮንድ ብቻ ሲሆን፣ ጊዜው ካለፈ ድራይቨሩን ራሱ ዳግም ያስነሣዋል፤ በመሆኑም መልእክቱ የሚነግረን ካርዱ በጊዜው አለመመለሱን እንጂ ያልመለሰበትን ምክንያት አይደለም። የተበላሸ ድራይቨር፣ አቅም ያነሰው ፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ ክፍሎች ኃይል የሚያከፋፍለው ዕቃ)፣ ከመጠን ያለፈ ሙቀት ወይም የታመመ የቪዲዮ ሜሞሪ (ካርዱ ምስሉን የሚይዝበት የራሱ ሜሞሪ) ያንኑ መልእክት ሊያስከትሉ ይችላሉ።

ድራይቨሩን በሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ በሚነሣበት ሁኔታ) ዲዲዩ በተባለው የድራይቨር ማጽጃ ፕሮግራም ሙሉ በሙሉ አጽድቶ አዲስ መጫንና ከፋብሪካው በላይ የተጨመረ ፍጥነት ካለ ወደ ነበረበት መመለስ ጊዜ የማይወስድ ሥራ ስለሆነ በቅድሚያ ተከናወነ፤ ለውጥ አልመጣም። የኃይል አቅርቦቱ ግን የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ካርዱ ከማዘርቦርዱ ማስገቢያ የሚያገኘው ኃይል እስከ 75 ዋት ሲሆን፣ እያንዳንዱ ባለ 8 ፒን ሶኬት እስከ 150 ዋት ይጨምርለታል። ሁለት ሶኬት ያለውን ካርድ ከአንድ ኬብል በሚወጡ መንታ ጫፎች መመገብ የተለመደ ቢሆንም፣ ጭነቱ በሙሉ በአንድ ገመድ እንዲያልፍ ስለሚያደርግ በፓወር ሰፕላዩ ላይ ካሉት መውጫዎች ሁለት የተለያዩ ኬብሎች ተስበው ተሞከረ፤ ይህም ችግሩን አልፈታውም። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ይገባል፦ ከሌላ ፓወር ሰፕላይ የተረፈ ኬብል ጫፉ ስለገጠመ ብቻ መሰካት የለበትም፤ በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው የፒኖች አቀማመጥ ከአምራች አምራች ስለሚለያይ፣ ጤነኛ የነበረውን ዕቃ ሊያቃጥል ይችላል።

ጥርጣሬውን የቆረጠው ከዚያ በኋላ የታየው ምልክት ነው። ኮምፒውተሩ ገና ሲበራ፣ የባዮሱ (ከዊንዶውስ በፊት ኮምፒውተሩን የሚያስነሣው ፕሮግራም) ገጽ ጥቁር ሆኖ ሳለ፣ አረንጓዴና ሐምራዊ ነጠብጣቦች በእኩል ርቀት ተደርድረው ከላይ እስከ ታች ይወርዱ ጀመር። በዚያች ቅጽበት ዊንዶውስም ሆነ የካርዱ ድራይቨር ገና አልተነሡም፤ ስለዚህ ጥፋቱን ወደ ሶፍትዌር ማዞር አይቻልም። ስክሪኑና የስክሪኑ ኬብል አሁንም ሊጠረጠሩ ስለሚችሉ፣ ዊንዶውስ ከተነሣ በኋላ ነጠብጣቦቹ በስክሪንሾት ውስጥ መኖራቸው ተረጋገጠ። ስክሪንሾት የሚቀዳው በሜሞሪ ውስጥ ያለውን ምስል እንጂ ስክሪኑ ላይ የደረሰውን ስላልሆነ፣ እንከኑ በእሱ ውስጥ ከታየ ኬብሉና ስክሪኑ ነፃ ናቸው ማለት ነው። በመጨረሻም ካርዱ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ተዛውሮ ያንኑ ነጠብጣብ ይዞ ተነሣ፤ ኦሲሲቲ የተባለው የመፈተሻ ፕሮግራም የሚያደርገው የቪዲዮ ሜሞሪ ፍተሻም አንድም ስህተት ሊኖር በማይገባበት ቦታ ስህተት እየደረደረ አሳየ።

ይህ ሁሉ ማስረጃ ከደረሰኙና ከመለያ ቁጥሩ ፎቶ ጋር ተያይዞ በአምራቹ የዋስትና ቅጽ ተላከ። የመጣው የመጀመሪያ መልስ ድራይቨሩን አራግፌ እንደገና እንድጭን የሚጠይቅ ነበር። የአገልግሎቱ ትልቁ ድክመት ይህ ነው፤ የተላከለትን ሳያነብ የተዘጋጀ ጽሑፍ የሚመልስ የመጀመሪያ ተቀባይ፣ ደንበኛው ስለ ባዮስና ስለ ስክሪንሾት የማያውቅ ሰው ቢሆን ኖሮ ተስፋ ቆርጦ እንዲቀር ያደርገው ነበር። ጉዳዩ ወደ ቴክኒክ ክፍል እንዲተላለፍ በትሕትና ግን በግልጽ ከተጠየቀ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። የቴክኒክ ባለሙያዋ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ከካርዱ ጀርባ ያለውን መለያ ቁጥርና በባዮሱ ገጽ ላይ ያለውን ነጠብጣብ ሳይቋረጥ በአንድ ቀረጻ የሚያሳይ ቪዲዮ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ የሌላ ካርድ ምስል አለመሆኑን ያረጋግጥላቸዋል። ቪዲዮው እንደደረሳቸው የመመለሻ ቁጥር ሰጡ።

ለመላክ ሲዘጋጁ ካርዱን ፀረ ስታቲክ በሆነው (ከስታቲክ ኤሌክትሪክ በሚከላከለው) ከረጢት ማሸግ፣ የመመለሻ ቁጥሩን ከካርቶኑ ውጭ መጻፍ፣ የካርዱን ሁሉንም ጎን ፎቶ ማንሣት የግድ ነው። ብሎኑን ፈትቶ የሙቀት ቅባት መቀየርም ሆነ በኢንተርኔት የሚወራውን ካርዱን በምድጃ የመጋገር ጥበብ መሞከር አያስፈልግም፤ የኋለኛው ቢሳካ እንኳ ለጊዜው ሲሆን፣ ዋስትናውን ግን ያስቀራል። የመላኪያው ወጪ በደንበኛው፣ የመመለሻው በአምራቹ ነው፤ የተበላሸ ዕቃ ለሸጠ ድርጅት ይህ ድልድል ሚዛናዊ አይመስለኝም፣ ሆኖም በዋስትናው ጽሑፍ ላይ በግልጽ ሰፍሯል።

ካርዱ ከደረሳቸው በኋላ የጉዳዩ ሁኔታ በገጻቸው ላይ «ተቀብለናል» ከሚለው ቃል ለረጅም ጊዜ አልተንቀሳቀሰም፤ ምርመራው ተጀመረም ተጠናቀቀም የሚል መልእክት አልመጣም፣ ኢሜይል ሲጻፍም የሚመለሰው ያው ቃል ነበር። በድንገት የመጣው ምትክ ካርድ አዲስ ሳይሆን ታድሶ የተላከ ነው። የጀርባው ብረት ላይ ቀላል ጭረት አለ፤ ሶኬቶቹ ግን ንጹሕ፣ ማራገቢያዎቹም ያለ ኳኳታ የሚዞሩ ናቸው። ዋስትናው በታደሰ ዕቃ መተካትን ስለሚፈቅድ በዚህ ላይ ክርክር ማንሣት አይቻልም። ምትኩ እንደ ደረሰ በዚያው የሜሞሪ ፍተሻና በረጅም ጭነት ተፈትኖ ያለ ስህተት አለፈ።

የቀረው ጉዳይ የዋስትናው ዘመን ነበር። ምትኩ አዲስ ዋስትና ይዞ አይመጣም፤ የሚቀጥለው ከመጀመሪያው ግዢ ቀን የቀረው ጊዜ ነው። በገጻቸው ላይ የተመዘገበው ግን አሁንም የአሮጌው ካርድ መለያ ቁጥር ስለነበር፣ የአዲሱ ቁጥር ከቀድሞው ደረሰኝ ጋር እንዲያያዝ በጽሑፍ ተጠየቁ። ያለ ክርክር አስተካክለው፣ የዋስትናውን ማብቂያ ቀን የሚገልጽ ኢሜይል ላኩ፤ ኢሜይሉም ከደረሰኙ ጋር ተቀምጧል።