200 ዶላር ለጆይስቲክ? ስምንት ወር ይዤው ያየሁትን ልንገራችሁ

ቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። አዎ፣ ለጆይስቲክ ብቻ 200 ዶላር አውጥቻለሁ። ለኮንሶሉ አይደለም፣ ለጌሙም አይደለም፣ በእጅ ለሚያዘው ነገር ብቻ። እማዬ እስካሁን ዋጋውን አታውቅም፣ ይህን የሚያነብ የሰፈሬ የጅማ መንቲና ሰው ካለ አደራ።

ዕቃው ዱዋልሴንስ ኤጅ ይባላል፣ የፒኤስ ፋይቭ (የሶኒ ጌም ማጫወቻ) ውዱ ጆይስቲክ ነው። ሶኒ እንደ ፈረንጆቹ በጥር 2023 ሲያወጣው 200 ዶላር ሊሞላ አንድ ሳንቲም ነበር የጎደለው። ተራው ዱዋልሴንስ ግን 70 ዶላር አካባቢ ነበር። በብር ስንት እንደሚመጣ በዛሬው ምንዛሬ እናንተው አባዙት፣ እኔ አንዴ አባዝቼ ሁለተኛ አልደግመውም።

ለምን ገባሁበት? አናሎግ ነዋ፣ ያ ተጫዋቹን ለማንቀሳቀስ በአውራ ጣት የሚገፋው! ፒኤስ የሚጫወት ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ አናሎጉን ሳትነኩት አጥቂያችሁ ቀስ እያለ ወደ ኮርነር ባንዲራው ይሄዳል፣ ትጠሩታላችሁ አይሰማም። ተራው ጆይስቲኬ እንዲህ ሲያደርገኝ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ሞባይል የሚጠግን ልጅ ጋ ወሰድኩት። ፈቶ፣ ብየዳውን አቅልጦ፣ አዲስ አናሎግ አስገባልኝ። ሶስት ሳምንት ሰራ። ልጁ ላይ አልፈርድም፣ ያ ነገር ከአስር በላይ እግር ስላለው አንዱ በደንብ ካልተበየደ ሁሉም ገደል ነው። ቀጥሎ ከአንድ ሱቅ «ኦሪጅናል ነው፣ ከነካርቶኑ» ተብሎ የተሸጠልኝ ደግሞ ሲንቀጠቀጥ የድሮ ኖኪያ ነበር የሚመስለው። ሱቁን አልጠራም። ራሱን ያውቃል።

ችግሩ ከየት እንደሚመጣ ካወቃችሁ ይህ ውዱ ለምን እንዳማለለኝ ይገባችኋል። በእያንዳንዱ አናሎግ ጎን ሁለት ትንንሽ ነገሮች አሉ፣ አውራ ጣታችሁ ወዴትና ምን ያህል እንደገፋ የሚለኩ። በገፋችሁ ቁጥር ውስጥ ያለችው ብረት ካርቦን ላይ እየተፋቀች ነው የምትሄደው። በቀን ሶስት ሰዓት ከተጫወታችሁ ካርቦኑ ይበላል፣ ልኬቱ ይዛባል፣ ጣታችሁ ጭናችሁ ላይ ተቀምጦ እያለ ኮንሶሉ የገፋችሁ ይመስለዋል። ኤጅ ላይ ይህ ሙሉ ክፍል ያለ ምንም ብየዳ ይወጣል። ከጀርባ ያለችውን ማንሸራተቻ ስትጫኑ የፊቱ ጥቁር ሽፋን ቀጭ ብሎ ይነሳል፣ ትንሿን ማንሻ ወደ ላይ ትስባላችሁ፣ አናሎጉ ከነቤቱ እንደ መሳቢያ ይወጣል። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። መጀመሪያ ቀን ያለ ምክንያት አራት ጊዜ አውጥቼ አስገብቼዋለሁ።

አሁን ቅሬታው። ውስጡ ያለው አናሎግ ያው የተራው ዓይነት፣ የሚፋቀው ነው! በማግኔት የሚሰሩና ምንም ነገር የማይፋቅባቸው አናሎጎች በዓለም ላይ እያሉ፣ በዚህ ዋጋ እነሱን አለማስገባት ስስት ነው። እና እንዳትደነግጡ፣ በስድስተኛው ወር የግራው አናሎግ ወደ ታች መሳብ ጀመረ። መፍትሔው ሞጁሉን፣ ማለትም ያን እንደ መሳቢያ የሚወጣውን ክፍል፣ መቀየር ነው፣ ለብቻው 20 ዶላር ነው፣ ግን ካርቶኑ ውስጥ አንድም መለዋወጫ የለም። ጅማ መርካቶን ሙሉ ቅዳሜ ዞርኩ። አንዱ ባለሱቅ «ሞጁል አለ?» ስለው የኢንተርኔት ሞደም አውጥቶ አሳየኝ። ጆይስቲኩን ያመጣልኝ የአክስቴ ልጅ ከዱባይ እስኪመለስ ድረስ አምስት ሳምንት በተራው ተጫወትኩ፣ ውዱ ቦርሳው ውስጥ ተኝቶ።

ቦርሳው ግን ያምራል። ነጭ፣ ጠንካራ፣ ጆይስቲኩ ውስጡ እንዳለ ከኋላ በኩል ቻርጀር የሚገባበት ክፍተት ያለው። እማዬ የመነጽር ማስቀመጫ ቢሆንላት ሁለት ጊዜ ጠይቃኛለች።

ከጀርባ ሁለት ተጨማሪ ቁልፎች አሉት። ለኳስ ጌም እውነቱን ለመናገር ብዙም አይጠቅሙኝም። ተኩስ ስጫወት ግን ሌላ ነው፤ ለመሮጥ አናሎጉን ወደ ታች መጫን ቀርቶ በመሃል ጣቴ ነካ ነው የማደርገው፣ አናሎጉም ያን ያህል አይቀጠቀጥም። ከላይ በሌባ ጣት የሚሳቡትን ቁልፎች፣ ኤል ቱና አር ቱን፣ የሚጫኑበትን ርቀት ማሳጠርም ይቻላል፣ ሶስት ደረጃ አለው። ሲያጥር ግን ተጫዋቹ ሲደክም አር ቱ እየከበደ የሚመጣው ያ ደስ የሚል ስሜት ይጠፋል፣ ስለዚህ ለኳስ ረጅሙ ላይ ተውኩት።

ባትሪው ቀሽም ነው። የተራው 1560 ሚሊአምፒር-ሰዓት ሲሆን የዚህ 1050 ብቻ ነው። በዋጋ ሶስት እጥፍ፣ በባትሪ ያነሰ፣ እንዴት ነው ነገሩ? እኔ ጋ አምስት ሰዓት ከያዘልኝ ጥሩ ቀን ነው። «መብራት ሲሄድ ቲቪውም አብሮ ይጠፋ የለ፣ ባትሪው ምን ያደርግልሃል?» ብሎኛል አንድ ጀለሴ። ነገሩ ሌላ ነው። በክረምት ዝናቡ ከሰዓት ይጀምራል፣ መብራት ይሄዳል፣ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ሲመጣ ቤቱ ሙሉ ሰው ተሰብስቦ ጆይስቲኩ ባዶ ነው። አሁን መብራት ሲጠፋ በስልኬ ፓወር ባንክ ነው የምሞላው። አብሮት የሚመጣው ኬብል ረጅም ስለሆነም እየተሰካ መጫወት ይቻላል፣ ወደ ሶስት ሜትር ይጠጋል፣ እንዳይነቀልም መቆለፊያ አለው። ብቻ ረከቦቱ መሃል ላይ ሲሆን ኬብሉ እንዳይጠልፈው። አንዴ ሲኒ ተሰብሯል።

ደግሞ ማንም ያልነገረኝ ነገር አለ፤ ውድ ጆይስቲክ ያለው ሰው ራሱ አይጫወትበትም። እንግዳ ሲመጣ ጥሩውን ለእሱ፣ ተራውን ለባለቤት፣ ወግ ነው። እንግዳው ደግሞ ፈንዲሻ በበላበት እጁ ይይዘዋል፣ ጎል ሲገባበት ፍራሹ ላይ ይወረውረዋል፣ እኔ ልቤ ቀጥ። ታናሽ ወንድሜማ አንስቶትም አያውቅም፣ «ይከብዳል» ይላል። በዚያ በተፋቀው ተራ ጆይስቲክ ባለፈው እሁድ 4 ለ 1 አሸንፎኛል።

ልትገዙ ካሰባችሁ ዕቃውን የሚያመጣላችሁ ሰው ሁለት ሞጁል ጨምሮ እንዲይዝ ንገሩት። ሰው ከሌላችሁ ተውት፣ በዚሁ ገንዘብ ሁለት ትክክለኛ ተራ ጆይስቲክ ገዝታችሁ ይተርፋችኋል። እኔ አልሸጠውም። የቀኙ አናሎግም ከትናንት ጀምሮ ትንሽ አጠራጥሮኛል፣ የአክስቴ ልጅ ደግሞ ለገና ነው የሚመጣው።