ከበደን «ክብድ» ያደረገብኝ ሊኑክስ፦ የስምንት ወር ልምዴ

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ትናንት ረዳቴ ኮምፒውተሬ ላይ ተቀምጣ ማመልከቻ ስትጽፍ ድንገት ቆመችና «ጋሼ፣ ይሄ ኪቦርድ ምን ነካው?» አለችኝ። ምን እንደነካው አውቃለሁ። የነካሁት እኔ ነኝ።

ሥራዬ ጽሕፈትና ኮፒ ነው። ፍርድ ቤት አጠገብ ያለች ጠባብ ክፍል፤ አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ፎቶኮፒ። ሰው አቤቱታ ይዞ ይመጣል፣ እኔ እጽፋለሁ። ለእኔ ኮምፒውተር ማለት አማርኛ የሚጽፍ ዕቃ ነው። ሌላው ትርፍ ነው።

ላፕቶፑ አሮጌ ነው፣ ራሙ 4 ጊጋ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አበቃ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ የኔው የለውም። ኮምፒውተር ሻጩ «አዲስ ነው የሚያዋጣህ» አለኝ። ምን ይበል? የእህቴ ልጅ ግን «ጋሼ፣ ምን ብር ያስወጣል? በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ሲስተም ብንጭንበትስ? ነፃ ነው» አለ። የሰማሁት ሁለተኛውን ነው።

ጫነልኝ። ሥሪት 22፣ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ቀለል ያለው። እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ማሻሻያ ያገኛል። ፕሪንተሩን ሰካሁ፣ ሠራ። ደንበኛ ፍላሽ ሲሰካብኝ እንደ ድሮው ልቤ አይመታም፤ ያ ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስ እዚህ አቅም የለውም። አፕዴቱም ሳያስፈቅደኝ ፓኬጄን አይበላም። ምስጋናው ይኸው ነው። አሁን ወደ ኪቦርዱ።

በመጀመሪያው ጠዋት አንዲት እናት የውርስ ጉዳይ ይዘው መጡ። ቅንብሩ ውስጥ ገብቼ ከኪቦርዶቹ ዝርዝር አማርኛን መረጥኩ። ፊደል ወጣ፣ ደስ አለኝ። ግን ፊደሉ እንደወጣ ደርቆ ይቀራል። ግዕዙን ወደ ካዕብ፣ ወደ ሣልስ አይወስድም። «ለ»ን «ሉ» ላድርጋት ብል አጠገቧ ሌላ ፊደል ይቀመጣል። በኋላ እንደገባኝ ያ ዝርዝር አንድ ቁልፍ አንድ ፊደል ለሚበቃቸው ቋንቋዎች የተሠራ ነው። እንደኛ ሁለት ቁልፍ ተጋብቶ አንድ ፊደል ለሚወልድበት ጽሕፈት ሌላ መሣሪያ ያስፈልጋል። ስሙ አይባስ ይባላል። ባሰ።

እናትየዋ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ምን ላድርግ? ስልኬን አወጣሁ። አቤቱታውን በስልክ ጻፍኩ፣ በቴሌግራም ለራሴ ላክሁ፣ ላፕቶፑ ላይ ቀድቼ አተምኩ። በሬ ላይ «የኮምፒውተር ጽሕፈት» የሚል ታፔላ አለ። እሳቸው እያዘኑልኝ «ልጄ፣ መብራት ጠፋ እንዴ?» አሉኝ።

ማታ ከእህቴ ልጅ ጋር በስልክ ተያዝን። ሚንት የመጻፊያ ዘዴ የሚመረጥበት መስኮት አለው። እነ ቻይንኛ፣ ጃፓንኛ፣ ኮሪያኛ ተደርድረዋል። አማርኛ የለም። ስለዚህ በጥቁሩ መስኮት፣ ተርሚናል በሚሉት፣ አይባስንና ኤም17ኤን የሚባለውን ጓዙን በትእዛዝ ጫንኩ። ከዚያ አይባስን መርጦ ከሲስተሙ ወጥቶ እንደገና መግባት ያስፈልጋል። መውጣቱን ረስቼ አንድ ሰዓት ሙሉ ከልጁ ጋር ተጨቃጨቅሁ። ተመልሼ ገብቼ ከዝርዝሩ አማርኛን ስፈልግ ከሥሩ አንድ ስም መጣ፦ «ሴራ»።

እውነቴን ነው፣ ስሙ ሴራ ነው። የእንግሊዝኛ ምህጻር ነው አሉ፤ ግዕዝ ፊደልን በአስኪ፣ ማለትም በተራው የላቲን ፊደል፣ መወከያ ሥርዓት ማለት ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የእኛው ሰዎች የደከሙበት ነው። ያኔ ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው፣ የዓለም ፊደላት ሁሉ ለኮምፒውተር በቁጥር በሚመዘገቡበት ሥርዓት ውስጥ አልነበረም፤ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ሥሪት 3.0 ነው። ክብር ይስጥልን። ጣቴ ግን የለመደው ሌላ ነው።

ለዓመታት የሠራሁበት ሶፍትዌር ተነባቢውን ብቻ ስነካ ግዕዙን ይሰጠኝ ነበር። ኬ፣ ቢ፣ ዲ ስል ከበደ። ሴራ ግን ባዶ ተነባቢ ሳድስ ነው ይላል፤ ግዕዝ የፈለገ ኢ ይጨምር። ስለዚህ አመልካች አቶ ከበደ «አቶ ክብድ» ሆነው ታተሙ። ጠ ደግሞ በትልቁ ቲ ነው፣ ጨ በትልቁ ሲ። ሺፍቷን ካልያዟት ጠበቃው «ተበቃ»፣ ጨረታው «ቸረታ» ይሆናል። በመጀመሪያው ወር ስንት ወረቀት ቀድጄ እንደጣልኩ አትጠይቁኝ። አንዱ ደንበኛ መዝገብ ቤት ደርሶ ተመልሶ መጣብኝ። ያን ቀን ቃል ሳይናገር ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀመጠበት አቀማመጥ አሁንም ይታየኛል።

ሌሊት ሌሊት ያ ሻጭ በሐሳቤ ይመጣል። «አላልኩህም? ሊኑክስ የፕሮግራመር ነው።» እሺ ወንድሜ፣ ልክ ነህ እንበል። ግን አንተ ክራክ አድርገህ የጫንክልኝ ሲስተም ሲበላሽ መልስህ ምን ነበር? «ፎርማት ይደረግ።» ሌላ መልስ ሰጥተኸኝ ታውቃለህ? አንድ ቀን ውስጡን ከፍተህ አሳይተኸኛል?

ይሄኛው ተከፈተልኝ። የሴራ ልቡ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። ባንድ በኩል የሚነካው ቁልፍ፣ በሌላው የሚወጣው ፊደል፤ መስመር በመስመር፣ እንደ ፊደል ገበታ። ሀ ሁ ሂ ሃ ተደርድሮ ሳየው የቄስ ትምህርት ቤት ትዝ አለኝ። ቅጂውን ወደ ራሴ ፎልደር ወሰድኩት፤ ሲስተሙ የተጠቃሚውን ቅጂ ያስቀድማል። ከዚያ የግዕዙንና የሳድሱን ቦታ አለዋወጥኩ። ከ30 በላይ ተነባቢ ነው። ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ኬ፣ ቢ፣ ዲ ነካሁ። ከበደ! ለጎረቤቶቼ ሁሉ ቡና ጋበዝኩ። ለምን እንደሆነ ግን አልገባቸውም።

ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፉ ፋይሎች የሚመጡልኝ አሉ፤ እነሱ ሲከፈቱ የላቲን ፊደልና የምልክት ጫካ ናቸው። ፎንቱን ፎልደሩ ውስጥ ስከት ይነበባሉ። ይህ ሊኑክስ ያመጣው ጣጣ ስላልሆነ አልቆጥርበትም።

ጫን ወይስ ተው ትላለህ ካላችሁኝ፣ ባለፈው ሳምንት ብትጠይቁኝ ጫኑ እል ነበር። ዛሬ ግን ረዳቴን ጠይቁ። እሷ ከልጅነቷ ጀምሮ ቻት ላይ አማርኛን በላቲን ስትጽፍ ያደገች ናት። ሰላምን ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም ብላ ነው የምትጽፈው። የመጀመሪያው ሴራ ለእሷ ጣት የተሰፋ ነው። እኔ በሁለት ሌሊት ያስተካከልኩት ደግሞ «ስላመ» እያለ ይመልስላታል።

ትናንት ማታ የኔን ቅጂ ሌላ ስም ሰጥቼ ዋናውን ከጎኑ መለስኩት። አሁን ሁለት አማርኛ አለን። የዊንዶውስ ምልክት ያለባትን ቁልፍ ከስፔስ ጋር ስንነካ ከአንዱ ወደ አንዱ ይዞራል። ሊኑክስ ላይ በዊንዶውስ ቁልፍ፤ ይሁን።

ዛሬ ጠዋት እሷ የተወችውን ሳልቀይር ቁጭ ብዬ ጀመርኩ። ገጹን ጨርሼ ቀና ስል አቶ ክብድ ተመልሰው መጥተዋል።