ሲሚንቶው አምስት ኮከብ፣ ወረቀቱ አንድ ኮከብ፦ ሲያትል ውስጥ ድራይቭዌይ ሳሠራ ያየሁት

የሰጠሁት ሦስት ኮከብ ነው። ሦስት ያልኩት ሥራው መካከለኛ ስለሆነ አይደለም። ሲሚንቶው አምስት፣ ወረቀቱ ደግሞ አንድ ስለሆነብኝ ነው፤ ተደምሮ ሲካፈል ሦስት መጣ። የኮንትራክተሩን ስም አልጠራም። ሐበሻ ነው፣ ልጆቹን የሚያሳድገው በዚሁ ሥራ ነው፣ እጁም ወርቅ ነው። ግን ሲያትል ውስጥ ድራይቭዌይ (የመኪና መግቢያ) ላሠራ ብላችሁ የምታስቡ ካላችሁ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

ቤታችን ሬኒየር ቢች የሚባል የሲያትል ሰፈር ነው። የድሮ ቤት ነው፤ ከጎኑ ባዶ ቦታ፣ ከኋላው ሰፋ ያለ ጓሮ አለው፣ የመኪና መግቢያ ግን የለውም። እኔ የምሠራው ሌሊት ነው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ደክሞኝ ስመለስ ማቆሚያ ፍለጋ ሰፈሩን ሦስት ጊዜ መዞር ልማዴ ሆኗል። መስታወት ሁለት ጊዜ ተሰብሮብኛል። በዚያ ላይ ኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁና የቻርጀሩን ገመድ በሳይድዎኩ (በእግረኛው መንገድ) ላይ መዘርጋት ጀመርኩ፤ አንድ ማታ ጎረቤታችን ውሻዋን ይዛ ስታልፍ ገመዱ ጠልፎ ሊጥላት ለጥቂት ነው የተረፈችው። ባለቤቴ "በቃ፣ መግቢያ እናሠራ፤ ሰው ሳንገድል" አለች።

ሦስት ሰው አስመጥቼ ዋጋ ጠየቅኩ። አንደኛው ስለ ፈቃድ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲያወራ ቆይቶ ዋጋውን ሲነግረኝ ቡናዬ ትን አለኝ። ሁለተኛው ለክቶ ሄደ፣ በዚያው ቀረ። ሦስተኛው ይሄ የኛው ልጅ ነው። ግቢውን ዞር ዞር ብሎ አየ፣ አፈሩን በእግሩ መታ መታ አደረገ፣ ባለቤቴ ያቀረበችለትን ሻይ ጠጣና ዋጋውን ነገረኝ። ደህና ዋጋ ነው። "ፐርሚቱስ?" አልኩት። "ወንድሜ፣ እሱን ለኔ ተወው። ስካይዌይ ላይ ስንቱን ሠርቻለሁ!" አለኝ።

ይቺን "ስካይዌይ" የምትለውን ቃል ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

መጀመሪያ ላመስግነው፣ ምክንያቱም ይገባዋል። ሥራ ከመጀመሩ በፊት 811 ደወለ፤ ከመሬት በታች ያሉ መስመሮችን የሚያስመለክት ስልክ ነው። ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ መሬት የሚቆፍር ሰው ቢያንስ ከሁለት የሥራ ቀን በፊት መደወል ግዴታው ነው፣ አገልግሎቱም በነፃ ነው። ሰዎች መጥተው መሬቱን ቀለም በቀለም አደረጉት። ቀይ መብራት፣ ቢጫ ጋዝ፣ ሰማያዊ ውሃ፣ አረንጓዴ ፍሳሽ፣ ብርቱካናማ የስልክና የኢንተርኔት መስመር ነው። እማዬ ለጥየቃ ከአዲስ አበባ መጥታ ስለነበር በመስኮት አይታ "ምነው፣ ዛሬ የባንዲራ ቀን ነው እንዴ?" አለች። የጋዙ መስመር እኛ ልንቆፍር ካሰብንበት አንድ ክንድ እንኳ አይርቅም ነበር።

ከዚያ መሬቱን አውጥቶ ጠጠር ሞላ፣ በማሽን ደጋግሞ ጠቀጠቀ፣ ካሳፎርሙን (ኮንክሪቱን የሚይዘውን የጎን ቅርጽ) በውሃ ልክ አሰረ፣ ፌሮውን ከመሬት ከፍ አድርጎ አስቀመጠ። ይቺ ፌሮ ከፍ ማድረግ ቀላል ነገር ትመስላለች፤ ብዙዎቹ ግን መሬት ላይ ጥለውት ኮንክሪቱን ከላይ ይደፉበታል፣ መሬት ላይ የተኛ ፌሮ ደግሞ ምንም አይሠራም። እማዬ ሊሾ እንዲሆን ፈልጋ ነበር፣ "እንደ መስታወት አድርግልን ልጄ" አለችው። እሱም በትሕትና "እናቴ፣ እዚህ አገር ዘጠኝ ወር ዝናብ ነው፤ ሊሾ ካደረግኩት ልጅዎ በመጀመሪያው ሳምንት ወገቡን ይሰብራል" ብሎ ላዩን በመጥረጊያ አሻክሮ እንደሚጨርሰው አስረዳት። ውሃው ወደ ቤቱ እንዳይመጣም ወደ ሣሩ በኩል ትንሽ አዘነበለው። እስከ አጥራችን ድረስ ያለውን ሥራ በተመለከተ አንድም የምለው የለኝም።

ችግሩ የመጣው ከአጥሩ ውጭ ነው።

ለሁለት መኪና እንዲመች ብሎ መግቢያውን በመንገዱ በኩል 16 ፊት (አምስት ሜትር ግድም) ለካ። ሳይድዎኩን ቆረጠ፣ ከርቡን (ከፍ ያለውን የመንገዱን ጠርዝ) ሊቆርጥ መጋዙን አስነሳ። በዚህ መሃል ለሌላ ሥራ በሰፈራችን የምታልፍ የከተማዋ ኢንስፔክተር መኪናዋን አቆመች። ሴትዮዋ አልጮኸችም፣ አልተቆጣችም። "ፈቃዳችሁን ልየው?" ነው ያለችው። የኛ ሰው ወደኔ ዞሮ አየኝ፣ እኔም እሱን አየሁት። ፈቃድ የሚባል ነገር አልነበረም። ሥራው እዚያው ቆመ። የተቆረጠው ሳይድዎክ በፕላስቲክ አጥርና በብርቱካናማ ኮን ተከቦ ሳምንታት ተቀመጠ። ጎረቤቱ ሁሉ በመንገዱ ሲዞር እኛን እያየ ነው የሚያልፈው፤ እኔ በበኩሌ ቆሻሻ ለማውጣት እንኳ ማታን መጠበቅ ጀምሬ ነበር።

አሁን ወደ ስካይዌይ ልመለስ። ስካይዌይ ከሬኒየር ቢች ቀጥሎ ነው፣ በእግር ይደረሳል፣ ሰዉም ያው የኛው ሰው ነው። ግን የሲያትል ከተማ አካል አይደለም። በኪንግ ካውንቲ ሥር ያለ፣ የትኛውም ከተማ ውስጥ ያልገባ ቦታ ነው። እዚያ ሕግ የለም ማለት አይደለም፣ ካውንቲው የራሱ ፈቃድ አለው፤ ግን ፈቃዱን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ሌላ፣ ልኩም ሌላ ነው። ጎረቤት ከተሞቹም ሬንተን ሌላ፣ ተክዊላ ሌላ፣ ኬንት ሌላ። አንድ መንገድ ስትሻገር ሕጉ ይቀየራል። ስለዚህ ኮንትራክተር "እዚያ ሠርቻለሁ" ሲላችሁ "እዚህስ?" በሉት።

ከዚያ በኋላ ቁጭ ብዬ ራሴው አነበብኩ። ከአጥሬ እስከ መንገዱ ድረስ የኔ ነው ብዬ የማስበው መሬት አብዛኛው የኔ አለመሆኑን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። የቤታችን ወሰን የሚያበቃው ከሳይድዎኩ ወዲህ ነው። ሳይድዎኩ፣ በሳይድዎኩና በመንገዱ መካከል ያለችው የሣር ቁራጭ፣ እዚያ ላይ ያለው ዛፍ፣ ሁሉም የሕዝብ ቦታ ነው። ሣሩን የማጭደው ግን እኔ ነኝ፣ ሳይድዎኩ ቢሰነጠቅም የማስጠግነው እኔ ነኝ፤ ሲያትል ውስጥ ይህ የባለቤቱ ግዴታ ነው። አይ አገር! ብቻ በዚያ ቦታ ላይ የሚሠራ ማንኛውም ነገር የከተማዋ የትራንስፖርት መምሪያ ፈቃድ ያስፈልገዋል።

ደንቡም እንዲህ ነው። ቤትህ ከኋላ የተስተካከለ አሊ (የጓሮ መተላለፊያ መንገድ) ካለው መግቢያህ በአሊው በኩል ነው፤ ከፊት ልቁረጥ ብትል በመርህ አይፈቀድልህም። እኛ አሊ የለንም፣ ስለዚህ ይቺን አለፍን። የመሬቱ የፊት ስፋት እስከ 80 ፊት ድረስ ከሆነ አንድ መግቢያ ብቻ ነው፣ የሱም ስፋት ለመኖሪያ ቤት ቢበዛ 10 ፊት ነው፣ ማለትም ሦስት ሜትር ግድም። እኛ 16 ለክተናል። ደግሞ መግቢያው የሚያደርስህ ሕጋዊ ማቆሚያ ላይ መሆን አለበት፤ ከፊት ያለውን ሣር አንስቼ እዚያው ላቁም ብሎ ከርብ መቁረጥ አይሆንም። የኛ ወደ ጓሮ ስለሚገባ እሱም ደህና ሆነ።

መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። "በገዛ ቤቴ!" እያልኩ። ከዚያ አስቤው ገባኝ። ከርብ ሲቆረጥ እዚያ ቦታ ላይ ሰው ማቆም አይችልም፤ ሲያትል ውስጥ ደግሞ ከመግቢያው ጠርዝ 5 ፊት ድረስ ማቆም ክልክል ነው። ስለዚህ የኔ 16 ፊት ጎረቤቶቼን ሁለት የመኪና ቦታ ሊያሳጣቸው ይችል ነበር። እነዚያ ቦታዎች ደግሞ እኔው ራሴ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ስፈልጋቸው የነበሩት ናቸው።

ሳይድዎኩም የራሱ ጉዳይ አለው። አዲስ አበባ ያደግን ሰዎች እናውቀዋለን፤ እያንዳንዱ ግቢ በሩ ፊት ለፊት ያለውን ቦይ በፈለገው መንገድ ይደፍናል፣ አንዱ በድንጋይ፣ አንዱ በሲሚንቶ፣ አንዱ በብረት፣ እግረኛው ደግሞ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። የኛም ሰው መግቢያውን ከመንገዱ እስከ አጥሩ አንድ ወጥ ዳገት አድርጎ ነበር ያሰበው። እዚህ ግን ሳይድዎኩ መግቢያውን ሲያቋርጥ ጠፍጣፋ ሆኖ ማለፍ አለበት፤ ወደ ጎን ያለው ዝንባሌ ከ2 በመቶ ግድም መብለጥ የለበትም፣ ከዚያ ካለፈ ዊልቸር ወደ መንገዱ ይንሸራተታል። ዳገቱ ያለው በከርቡና በሳይድዎኩ መካከል ባለችው አጭር ቦታ ብቻ ነው። ኢንስፔክተሯ ይህን ስታስረዳ ዲጂታል ውሃ ልኳን አውጥታ መሬቱ ላይ አስቀምጣ አሳየችን። ወዲያውኑ ነው የገባን።

ዛፏም አለች። ሣሩ ላይ ያለችው ዛፍ ከመግቢያችን በጣም ትቀርብ ነበር፣ ሥሯንም ያለ ፈቃድ መቁረጥ አይቻልም። ስለዚህ መግቢያው ወደ ሌላኛው ጎን ተገፋ።

እንግዲህ የኛ ሰው እንዴት ሆነ? እዚህ ላይ ነው ሌላ ኮከብ ልቀንስበት ብዬ የተውኩት። አልጠፋም። ስልክ አላጠፋም። መጥቶ "ጥፋቱ የኔ ነው" አለ፣ ይቺን ቃል ከኮንትራክተር አፍ ለመስማት ስንት ዓመት ይፈጃል! ሥዕሉን አሠራ፣ ማመልከቻው ገባ፣ ፈቃዱ ሲመጣ ካሳፎርሙን አፍርሶ በ10 ፊት እንደገና አሰረ፣ የቆረጠውን ሳይድዎክም በቁራጭ ሳይጠግን ሙሉ ሙሉ ሰሌዳውን አውጥቶ አዲስ ሞላ። የድጋሚውን ጉልበት ዋጋ አላስከፈለኝም። የፈቃዱን ክፍያ ግን እኔ ነኝ የከፈልኩት፤ መጀመሪያም የኔ ነበር፣ በዋጋው ውስጥ ስላልነበረ ነው ርካሽ የመሰለኝ። ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት ኢንስፔክተሯ መጥታ ካሳፎርሙን አየች፣ ካለቀ በኋላም መጣች። መኪና ሳላስገባ አንድ ሳምንት ጠበቅኩ፤ እሱ "አሥር ቀን ብታደርገው ይሻላል፣ ብርድ ነው" ብሎኝ ነበር፣ አልቻልኩም።

አንድ ነገር ብቻ ከመጀመሪያው አድርጌ ነበር፣ እናንተም አድርጉት። የስቴቱ የሠራተኛና ኢንዱስትሪ መምሪያ (ኤል ኤንድ አይ) ድረ ገጽ ላይ የኮንትራክተሩን ስም አስገብታችሁ መመዝገቡን፣ ኢንሹራንሱንና ቦንዱን (የዋስትና ገንዘቡን) ማየት ትችላላችሁ። ከጁላይ 2024 ጀምሮ ቦንዱ ለጄኔራል ኮንትራክተር 30,000 ዶላር፣ አንድ ዓይነት ሥራ ብቻ ለሚሠራ 15,000 ዶላር ነው። የኛ ሰው ሁሉም ነበረው። እኔ ያላየሁት ውሉን ነው፤ "ፈቃዱን ማን ያወጣል፣ ማን ይከፍላል" የሚል አንድ መስመር አልነበረበትም። በሻይ ላይ ነው የተዋዋልነው።

አሁን ክረምቱ አልፏል። ስንጥቅ የለም፣ ውሃ አይቋጥርም፣ ገመዱም ጓሮ ገብቷል። መኪናዬ በ10 ፊት መግቢያ ሲገባ ከሁለቱም በኩል ይተርፋል፤ ያ 16 ፊት ለምን እንዳስፈለገን አሁን ሳስበው አይገባኝም። ጎረቤታችን ውሻዋን ይዛ ስታልፍ እጇን ታነሳልኛለች።

ባለቤቴ ደግሞ የጓሮ ደረጃ አምሯታል። ለዚያው ሰው ደውዬለታለሁ፣ ቅዳሜ ይመጣል። ቦታው ከሳይድዎኩ 40 ፊት ይርቃል፣ ለክቼዋለሁ።